ከጉርድ ፎቶ ውጭ የቀሩ ሚስቶች

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ብናገር ይሻላል። ልጅ ሆኜ ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር እገባ ነበር፤ አድጌ የመንግሥት ሥራ ስይዝ ደግሞ ማኅተም ያለው ሰው ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር ምን አጥፍቼ ይሆን እል ነበር። የምተርከው ነገር ደፋር ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ደፋር ሰው ያጠፋውን ባየበት ሰዓት ተናግሮ ይገላገላል። እኔ ላይ ስለደረሰ ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። እኔ የገበዝ ማርያም ልጅ ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት መረጃ አስገቢ ሆኜ እሠራ ነበር። የየትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ምንም አይቀርበት። ክፍሌ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ካሜራና እኔ ነበርን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዳታቤዝ የገበሬውን ማሳ በሙሉ ይዟል፤ የባልና የሚስት ስም፣ የማሳው ቁጥር፣ በምሥራቅ ከማን በምዕራብ ከማን እንደሚዋሰን፣ ከታች በስተቀኝ ደግሞ ፎቶ። ገበሬው አዲሱን የመሬት ደብተር ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ፎቶውን ነው። ድንበሩን ኋላ ነው የሚያስነብበው።

ፎቶውን የማነሳው እኔው ነበርሁ። መሬቱ የሁለቱ ነውና ባልና ሚስት በአንድ ፎቶ ይነሳሉ። ቀበሌ ስንወርድ የጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ነጭ አንሶላ እንወጥራለን፤ እኔ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ የመስቀል ምልክት አደርጋለሁ። ባልየውን «ምልክቷ ላይ ይቁሙ» እላለሁ፣ ሚስቲቱን «እርስዎም አጠገባቸው» እላለሁ። ታዲያ የከተማ አጠገብና የገጠር አጠገብ አንድ አይደለም። የገጠር ሴት በሰው ፊት ከባሏ ጋር ትከሻ ለትከሻ መቆም ታፍራለች። አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ትታ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ትቆማለች። «ጠጋ ይበሉ እናቴ» ስል ይስቃሉ፤ እየሳቁም ጭራሽ ወደ ውጭ ፈቀቅ ይላሉ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ «ይሁን» ብዬ አነሳለሁ። የካሜራው ዓይን ሰፊ ስለሆነ ሁለቱም ይገባሉ፤ ባል መሃል፣ ሚስት ዳር።

ከዚያ ሁሉ ሰው የታዘዙኝ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። ከማንኩሳ ወዲያ ባለች ቀበሌ ነው። «ጠጋ ይበሉ» ስላቸው «ልጅቱ ካለችማ ምን ይደረግ» ብለው ሄደው የባላቸውን የጋቢ ጫፍ ያዙ። ባልየው አፈሩ፣ ተሰላፊው ሳቀ፣ አንዱ ከኋላ «አጥብቀሽ ያዥው፣ እንዳያመልጥሽ!» አለ። ጋቢውን የያዙበት እጅ አመልካች ጣቱ ጫፍ የለውም ነበር። ምን ነካው ብዬ ብጠይቃቸው ማጭድ ነው አሉኝ።

ካሜራው ጎበዝ ነበር፤ ጉድ የሠራኝም ጎበዝነቱ ነው። አንዱ ፎቶ ወርዱ አራት ሺህ፣ ቁመቱ ሦስት ሺህ ነጥብ ነው፤ ቢታተም በር ይሸፍናል። ደብተሩ ላይ ያለችው ሳጥን ግን ሦስት በአራት ናት፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥ። እኔ ደግሞ ያን በር የሚያህል ፎቶ እንዳለ ዳታቤዙ ሆድ ውስጥ እከት ነበር። እንዲህ ያለው ዳታቤዝ ልክ አለው፤ ሁለት ጊጋባይት ሲሞላ ከዚህ በላይ አልጎርስም ይላል። ገና አራተኛውን ቀበሌ ሳልጨርስ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ብነካው ብዙ አሰበና በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። አይከፈትም። ተነስቼ ወደ አለቃዬ ክፍል ሄድሁ።

አለቃዬ ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ግን ሲጨነቁ እስክሪብቷቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ፤ ያን ድምፅ ስሰማ ነው እኔ የምሞተው። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራችንን የሚያዩ የክትትል ሰዎች ይመጣሉ» አሉ። «ባዶ ስክሪን ነው የማሳያቸው?» ፎቶዎቹ ለብቻ አቃፊ ውስጥ አሉ፣ ጽሑፉም ካለፈው ሳምንት ቅጂ ይገኛል፤ ፎቶውን አሳንሼ እንደገና አስገባዋለሁ አልኋቸው። እስክሪብቶው ቆመ።

ፎቶ ማሳነስ ሲባል ቀላል ይመስላል። አነስ ያለ ፕሮግራም ነበረኝ፣ አቃፊውን ሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳንስ። ችግሩ ፎቶው አግድም ሰፊ ነው፣ ሳጥኑ ደግሞ ሽቅብ ረጅም። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ፎቶውን ጨፍልቆ በሳጥኑ ልክ እንዲያደርገው አዘዝሁት። የሰው ሁሉ ፊት ቀጥኖ ረዘመ። አንዱን አትሜ ስመለከት ለሌላ ጉዳይ የመጡ አንድ አዛውንት ከትከሻዬ በላይ አዩና «ልጄ፣ እኒህ ሰው የተነሱት ሳይሞቱ ነው ሞተው?» አሉኝ። ፎቶው የራሳቸው ነበር። ደንግጬ ቀደድሁት።

ቀጥዬ ፎቶው ሳይዛነፍ ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባ አደረግሁ። ከላይም ከታችም ነጭ ቀርቶ፣ ባልና ሚስቱ መሃል ላይ ምስር አከሉ። አለቃዬ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «ከደብተሩ ጋር አጉሊ መነጽር እናድል እንዴ?» አሉ። የቀረው አንድ ምርጫ ነበር፤ ሳጥኑን ሙላ፣ የተረፈውን ቁረጥ የሚል።

ፈሪ ነኝ ብያለሁ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አልጫንሁትም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ፎቶዎች ለብቻ አውጥቼ ቆረጥሁና አንድ በአንድ አየሁ። ፊታቸው ጥርት ብሎ፣ ሳጥኑን ሞልቶ፣ የስቱዲዮ ጉርድ ፎቶ መስሎ ተቀምጧል። ያላስተዋልሁት ነገር ፋይሎቹ በተነሱበት ተራ መሰለፋቸውን ነው። ቀበሌ ስንወርድ ሁልጊዜ የምናስቀድመው ብቻቸውን የመጡትን ነው፤ ባል የሞተባቸውን፣ ሚስት የሞተባቸውን፣ ደክመው የሚጦራቸው ያጡትን። ፀሐይ ሳይከብድ ተነስተው ይሂዱ ብለን። ባልና ሚስት ከእነሱ በኋላ ነው የሚሰለፈው። እኔ ያየኋቸው ሃያዎቹ ሁሉም መስቀሉ ላይ ብቻቸውን የቆሙ ሰዎች ነበሩ።

ፕሮግራሙ የቀድሞው ፎቶ በአዲሱ ይተካ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዲስኩ ሞልቷል፣ የካሜራው ካርድ ለሌላ ቀበሌ ተደምስሶ ደጋግሞ አገልግሏል፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው እስክሪብቷቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ይተካ አልሁ። ምሳ በልቼ ስመለስ ስክሪኑ ላይ «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ጠበቀኝ። ፎቶዎቹን በየቁጥራቸው ዳታቤዙ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ፋይሉ ላባ ሆነ። የክትትል ሰዎቹ መጡ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ገጾች ከፍተው አዩና አመሰገኑን። ባዶ ደብተሩ ገና ስላልደረሰን አንድም ገጽ አላተምንም። አለቃዬ በሰው ፊት «እጇ ወርቅ ነው» አሉኝ፣ እኔም አመንኋቸው።

በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሬ ላይ አንዲት ሴት ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው ተላጭቷል። ከኋላቸው ወፍራም ጋቢ የደረበ ጎልማሳ አለ።

«ልጄ፣ አወቅሽኝ?» አሉ።

አላወቅኋቸውም። እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ አውጥተው ጫፍ የሌላትን ጣት አሳዩኝ። ያን ጊዜ አወቅኋቸው።

«ያ ጋቢውን ያስያዝሽኝ ሰው ሞተብኝ» አሉ።

አርባቸው ወጥቷል። ጎልማሳው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሐዘንተኛ ተናገረ። «እኒህ ሴትዮ ወንድሜን አስታመዋል፣ አይካድም። ቤቱን የሚያቀኑለት ሠራተኛ ነበሩ። ሚስት ግን አይዶሉም። የድሮው ደብተር ላይ ያለው የሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ ስም ነው፤ መሬቱም የአባታችን ነው።»

ሴትዮዋ አልተቆጡም። አሥራ አንድ ዓመት አብረው እንደኖሩ፣ ሟች ሽማግሌ ልከው እንደወሰዷቸው፣ እግዚአብሔር ልጅ እንዳልሰጣቸው ነገሩኝ። መሬቱ ሁለት ጥማድ የበርበሬ ማሳ ነው፤ ከሱ ሌላ የላቸውም፤ ከሱ ከተነሱ የሚጠጉበት ዘመድም የላቸውም። ነገሩን የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ይዞታል። አዲሱ መዝገብ ላይ ስማቸው አለ፤ ወንድምየው ግን ያን ስም ኮሚቴው ውስጥ ያለ ዘመዳቸው አስገባው ብሏል። ምስክር ቢጠራ ለሁለቱም መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በመጨረሻ «ፎቶ ዘመድ የለውም፤ አብረው ተነስተው እንደሆነ ገጹ ከነፎቶው ታትሞ ይምጣ፣ ነገሩ ያልቃል» አሉ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው።

«እኔም ፎቶው አለ ብያቸዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «አንች አንስተሽን የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ» አልሁ። ቁጥሩን ጻፍሁና ስክሪኑን በኩራት ወደ እነሱ አዞርሁት።

ሟች ብቻቸውን ቆመዋል። ጥርት ብለው፣ ሳጥኑን ሞልተው፣ አንሶላው ከኋላቸው ነጭ ሆኖ። በስተቀኝ፣ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ፣ ከነጥብ የማትበልጥ ቡኒ ነገር አለች።

«ይኸው!» አለ ወንድምየው። «ሚስት ያለው ሰው ብቻውን ይነሳል?»

ሴትዮዋ አጎንብሰው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ዓይናቸው ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ዞረው። ቀና ብለው አዩኝና «እኔ የት ሄድሁ?» አሉ።

ያጠፋሁትን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከአፌ የወጣው ግን «ማሽኑ ሙሉውን ለማምጣት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሐሙስ ይደርሳል» የሚል ውሸት ነው። ወንድምየው ደስ ብሎት ወጣ። ሴትዮዋ ግን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ጊዜ ከሆነ የሚፈልገው፣ እኔ ጊዜ አለኝ» አሉ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ሌላ ቁጥር ከፈትሁ። አንድ ሰው፣ ብቻውን። ሌላ ከፈትሁ፤ ብቻውን። ሌላ። ባሎች ተሰልፈው፣ ሁሉም መሃል ላይ፣ ሁሉም ጥርት ብለው። አንዱ ጎን የክርን ቁራጭ አለች፣ አንዱ ጎን የጃንጥላ ጫፍ። የቀሩት ጎን ምንም የለም። በክንድ ርቀት የቆሙት ሴቶች በሙሉ ተቆርጠው ወድቀዋል፤ ቆራጯ እኔ ነኝ። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። እስር ቤት ታየኝ፣ እናቴ ገበዝ ማርያም ሆና ስትሰማ ታየኝ፣ ከሁሉም በላይ ግን አግዳሚው ላይ ያሉት ሴት ሲስሉ ይሰማኝ ነበር። ወጥቼ ነገ ይምጡ ለማለት እንኳ አልደፈርሁም፤ በጓሮ በኩል ወጥቼ ሄድሁ።

የካሜራውን ካርድ መናኸሪያ አጠገብ ላለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድሁለት። የተደመሰሰ ፎቶ የሚመልስ ነገር አለኝ ብሎ ግማሽ ቀን ሲፈልግ ቆይቶ፣ ታችኛው ግማሹ ግራጫ የሆነ የአንድ ሰው ባርኔጣ አመጣልኝ። ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን አልነበረም፤ ሌላ ሰው የምጠይቅበት መንገድ የለኝም። ቢሮ ተመልሼ ያችን ቡኒ ነገር ብቻ ለማጉላት ሞከርሁ። ጣቶች እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው የሚያምነው ግን ጋቢው በእጅ መያዙ ለይቶ ሲታየው ነው። ሳጎላው ግን አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ቡኒ፣ ነጭ፣ ቡኒ። ስናሳንስ የጣልነው ነጥብ ስናሳድግ አይመለስም። ጫፍ የሌላትም ጣት ጫፍ ያላቸውም እኩል ሆነው ሦስት አራት ካሬ ሆነዋል።

ቅዳሜ ዕለት ለአለቃዬ ነገርኋቸው። ሁለት ሦስት ገጽ ከፍቼ አሳየኋቸው። እስክሪብቷቸውን እንኳ አልነኩም።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«አትንገሪ።» ገጾቹን ራሳቸው ዘጉ። «ይህ ከወጣ የስንት ቀበሌ ሥራ ነው ውድቅ የሚሆነው፣ ታውቂያለሽ? የተጠየቅነው የመዝገቡን ገጽ ነው። ገጹን አትመሽ ትወስጃለሽ፣ ትሰጫለሽ፣ ትመጫለሽ። ሌላው የኮሚቴው ጉዳይ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው «ውልሽ በታኅሣሥ ነው የሚታደሰው» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውም እንደኔ ፈርተው ነበር፤ ልዩነታችን የሚያዙት ሰው ያላቸው መሆኑ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ገጹን በክላሰር ይዤ እስከ ማንኩሳ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። ሰው ሁሉ በርበሬውን ደጁ አስጥቶ አገሩ ቀልቷል፤ እያነጠስሁ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ያለቀስሁትን ካስነጠሰኝ መለየት አቅቶኝ ደረስሁ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ የምለው አንድ ነገር ነው፤ እሰጣለሁ፣ እሄዳለሁ። እሰጣለሁ፣ እሄዳለሁ።

ስብሰባው ፎቶ ያነሳሁባት በረንዳ ላይ ነበር። ኮሚቴዎቹ አግዳሚ ላይ፣ ወንዶቹ ደረጃው ላይ፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ያ የጠመኔ መስቀሌ ደብዝዞ አሁንም ሲሚንቶው ላይ አለ። ገጹን ለሰብሳቢው፣ ለአንድ መነጽራም ሽማግሌ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁ። ሰብሳቢው አዩት፣ ለጎናቸው አሳለፉት፣ ከእጅ እጅ ዞሮ ተመለሰ።

«ብቻውን ነው» አሉ ሰብሳቢው።

«እኔስ ምን አልሁ?» አለ ወንድምየው።

ሴትዮዋ ቀረቡና በዚያች በጎደለች ጣታቸው የፎቶውን ዳር ነኩ። «ይች እጄ ናት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «እናቴ፣ አይቀየሙኝና፣ እኔ የማየው የሽሮ ጠብታ ነው» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንች የታዘዝሽውን አድርሰሻል። ፀሐይ ሳይበረታብሽ ሂጂ» አሉኝ።

ተሰናብቼ ወደ ደረጃው ሄድሁ። ልክ እንዳሰብሁት፤ ሰጠሁ፣ ልሄድ ነው። ሴትዮዋ አልለመኑኝም፣ አልረገሙኝም። በአጠገባቸው ሳልፍ ብቻ፣ ለኔ እንጂ ለሰው በማይሰማ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ጠጋ በይ ያልሽኝ አንች አይዶለሽም እንዴ?» አሉ።

ቆምሁ። ደፈርሁ ማለት ያሳፍረኛል፤ አልደፈርሁም። ደረጃውን መውረድ አቅቶኝ ነው የተመለስሁት።

«አባቴ» አልሁ ለሰብሳቢው። «ፎቶው ሁለት ሰው ነበረበት። ለደብተሩ ሳጥን ሰፍቶብኝ እኔ ነኝ የቆረጥሁት። እኒህ እናት እዚህ ቆመው ነበር፣ ባላቸው እዚህ።» የደበዘዘውን መስቀል አሳየሁ። «ጠጋ ይበሉ ብያቸው የተጠጉ እርሳቸው ብቻ ናቸው። የጋቢውን ጫፍ ይዘው ነበር፤ ለዚያ ነው እጃቸው የቀረችው። ሌሎቹ ርቀው ስለቆሙ ምንም አልቀረም።»

«ሌሎቹ?» አሉ ሰብሳቢው።

ከግድግዳው ዳር አንዲት ወጣት እናት ልጇን ወደ ጀርባዋ እየገፋች «እኔንም?» አለች።

«አንችንም» አልሁ።

«እኔንስ?» አሉ አንዲት ባልቴት።

«እርስዎንም፣ እናቴ። ሁሉንም። ባሎቻችሁ አሉ፣ እናንተ የላችሁም።»

እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም፤ የሚደበድቡኝ መሰለኝ። ሴቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያም ባሎቻቸውን አዩ፤ ባሎቹም መሬት መሬት አዩ። ወንድምየው ተነስቶ «ሴትዮዋ ገዝተዋታል!» አለ።

ሰብሳቢው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። «አንች፣ ከዚህ ቀበሌ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም። የገበዝ ማርያም ልጅ ነኝ።»

«ይህን በመናገርሽ ሥራሽ ምን ይሆናል?»

«አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። «ዘመድ የሌለው ምስክር ስንፈልግ ነበር፣ ይኸው መጣልን» አሉ። ከዚያ ሴትዮዋን ያን ዕለት ባላቸው ምን ለብሰው እንደነበር፣ ከሰልፉ ማን ምን ብሎ እንደሳቀ ለብቻ ጠየቋቸው፤ እኔንም ራቅ አድርገው ያንኑ ጠየቁኝ። መልሳችን ገጠመ። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው የሴትዮዋ ስም በመዝገቡ እንዲጸና ፈረመ። ወንድምየው ይግባኝ እላለሁ ብሎ ወጣ፤ ይላል ስንል አላለም።

አለቃዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ውሌን ግን አሳደሱት፤ ዳታቤዙን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረማ። ቀበሌዎቹን በሙሉ እንደገና አንሺ ተባልሁ። ከመውረዴ በፊት የደብተሩን ገጽ ከፍቼ ሳጥኗን አግድም አሰፋኋት፤ ፎቶው እንዳለ ይገባባታል። መጀመሪያውኑ ይህን ማድረግ እችል ነበር። ሳጥኗ እንደ ሕግ የተሰጠችኝ መስሎኝ፣ ልነካት ፈርቼ፣ ሰውን ቆረጥሁላት። ያልተቆረጡት አዲሶቹ ፎቶዎች አሁን በሁለት ዲስክ ይቀመጣሉ፤ አንዱን ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ በየሳምንቱ እየከፈትሁ ሚስቶቹ መኖራቸውን አያለሁ።

በጥር ወደዚያች ቀበሌ ተመለስን። አንሶላውን ወጠርሁ፣ መስቀሉን በአዲስ ጠመኔ አደመቅሁት። ብቻቸውን የመጡትን ማስቀደም ልማዳችን ነውና የመጀመሪያዋ ተነሽ እኒያው ሴት ነበሩ። ጸጉራቸው ትንሽ በቅሏል። ያችን የተቆረጠች ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ወስጄላቸው ነበር። ብዙ አዩዋትና «የሁለታችን የሆነ ፎቶ ይች ብቻ ነበረች» አሉኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ፎቶዋን ደረታቸው ውስጥ ከተው ወደ አንሶላው ሄዱ።

መስቀሉ ላይ አልቆሙም። ከመስቀሉ አንድ ክንድ ርቀው፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ ዳር ላይ ቆሙ።

«እናቴ፣ ምልክቷ ላይ ይቁሙ» አልኋቸው።

ወደ መስቀሉ አዩ። «እሷ የሱ አይዶለችም?» አሉ።

ካሜራውን አስቀምጬ ሄድሁ። መስቀሉን በጫማዬ ሲሚንቶው ነጭ እስኪለብስ አጠፋሁት። ከዚያ እግራቸው ሥር በርከክ ብዬ፣ የቆሙበት ቦታ ላይ፣ አዲስ መስቀል አደረግሁና ተመልሼ አነሳኋቸው።